ለኮምፒዩተር ጥበቃ የምስክር ወረቀት ፈተና ስለ መዘጋጀት
(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው ንግግሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው፥ በየመሥሪያ ቤቱ የኮምፒዩተር ክፍል የሚሠሩ ብዙ ሰዎች ከሥራ ሰዓት በኋላ መብራት አብርተው የሚደክሙበትን አንድ ጉዳይ ነው። ይኸውም ለኮምፒዩተር ጥበቃ ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀት ፈተና እንዴት መዘጋጀት እንደሚገባ ነው። ይህ ነገር የጥቂት ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር፥ የልጁ የልደት መዝገብ፥ የግብር ሂሳቡ፥ የቤቱ ካርታና የጡረታ ሰነዱ ዛሬ በምን ላይ ተጽፈው እንደሚቀመጡ ራሱን ይጠይቅ።

ቀድሞ የመዝገብ ቤት ሹም የብረት ሣጥኑን ቆልፎ፥ ቁልፉን በኪሱ ከቶ፥ ለዘበኛው አደራ ብሎ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ሌባ ቢመጣም የሚመጣው በበር ወይም በመስኮት ነበር። ዛሬ ግን መዝገቡ በኮምፒዩተር ውስጥ ስለ ገባ፥ ሌባው ባሕር ማዶ ተቀምጦ፥ መንገዱን ረግጦት በማያውቀው ከተማ ያለውን በር ሊያንኳኳ ይችላል። ስለዚህ ከዛሬው መዝገብ ጠባቂ የሚፈለገው ዕውቀት ከቀድሞው እጅግ የሰፋ ሆኗል። ይህንንም ዕውቀት መዝነው የሚመሰክሩ ፈተናዎች በልዩ ልዩ ድርጅቶች ተቋቁመዋል።

ከእነዚህ ፈተናዎች መካከል ለጀማሪ ባለሙያ እንደ መግቢያ በር የሚቆጠረውን፥ ሴኪዩሪቲ ፕላስ የተባለውን ለምሳሌ እወስዳለሁ። ፈተናውን የሚያዘጋጀው በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1982 የተመሠረተው ኮምፕቲያ የተባለው ድርጅት ነው። ሴኪዩሪቲ ፕላስም ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ከዚህ ከፍ ያለው ሲ.አይ.ኤስ.ኤስ.ፒ. የተባለው የታወቀ ማዕረግ፥ ፈተናውን ከማለፍ ሌላ በመሠረቱ የ5 ዓመት የሥራ ልምድ ስለሚጠይቅ፥ ለጀማሪ ወዲያው የሚደረስበት አይደለም። ደረጃውን በቅደም ተከተል መውጣት ይሻላል።

እንግዲህ ወደ ፈተናው እንግባ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 7 ቀን 2023 የወጣው፥ በቁጥር 701 የሚታወቀው ዕትም ቢበዛ 90 ጥያቄዎች አሉት። የተሰጠውም ጊዜ 90 ደቂቃ ነው። ውጤቱ ከ100 ተነሥቶ እስከ 900 በሚደርስ መስፈሪያ የሚለካ ሲሆን፥ ለማለፍ 750 ማግኘት ያስፈልጋል። ይህ ቁጥር ግን ከመቶ ይህን ያህል መለሰ ማለት አይደለም፤ ጥያቄዎቹ በክብደት ስለሚለያዩ ድርጅቱ በራሱ መስፈሪያ ያሰላዋል። ከጥያቄዎቹም አብዛኞቹ ከተደረደሩት መልሶች ውስጥ ትክክለኛውን መምረጥ የሚጠይቁ ናቸው። ጥቂቶቹ ግን ተፈታኙ በኮምፒዩተሩ ላይ አንድ ሥራ ሠርቶ እንዲያሳይ ያዛሉ። በአማርኛ የተዘጋጀ ፈተና ስለሌለ፥ የእኛ ተፈታኝ ሁለት ሸክም ይሸከማል፤ አንደኛው ሙያው ነው፤ ሁለተኛው የእንግሊዝኛው ቋንቋ ነው።

የፈተናው ዋጋ እንደየአገሩ ይለያያል። በአሜሪካ በሚሠራበት ዋጋ ከ400 ዶላር ይበልጣል። የወደቀ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ለመፈተን ቢፈልግ ሙሉውን ዋጋ እንደገና ይከፍላል። ለሦስተኛ ጊዜ ለመፈተን ደግሞ ከክፍያው ሌላ 14 ቀን መቆየት ግዴታው ነው። እንዲህ ያለውን ገንዘብ በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሠራተኛ የሚያገኘው ከልጆቹ ልብስና ከቤት ኪራዩ ቀንሶ ነው። ስለዚህ ሳይዘጋጁ ዕድልን ለመሞከር ብቻ ወደ ፈተና መግባት በቤተሰብ ጉሮሮ ላይ መጫወት ይሆናል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፥ በመጨረሻው ሳምንት የተጠራቀመ ጥናት በፈተናው ወንበር ላይ ይበተናል።

ዝግጅቱ የሚጀመረው መጽሐፍ ከመግዛት አይደለም። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ኮምፕቲያ ራሱ ያለ ዋጋ የሚያድለውን የፈተናውን ዝርዝር አግኝቶ ማንበብ ነው። ዕትሞቹ በየጥቂት ዓመቱ ስለሚለወጡ፥ የሚያጠኑት ዕትም ገና በሥራ ላይ መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል። ከ701 በፊት የነበረው 601 የተባለው ዕትም እ.ኤ.አ. ጁላይ 31 ቀን 2024 ተዘግቷል። ከወዳጅ የተዋሱትን አሮጌ መጽሐፍ ሲያነቡ ከርሞ በሌላ ዝርዝር መፈተን ድካምን ከንቱ ያደርጋል።

የ701 ዕትም ዝርዝር በ5 ክፍሎች የተከፈለ ነው። አጠቃላይ የጥበቃ ሐሳቦች 12 በመቶ ይይዛሉ። ሥጋቶች፥ ደካማ ጎኖችና መከላከያዎቻቸው 22 በመቶ ናቸው። የጥበቃ አሠራር ንድፍ 18 በመቶ፥ የዕለት ተዕለት የጥበቃ ሥራ 28 በመቶ፥ የጥበቃ አስተዳደርና ቁጥጥር ደግሞ 20 በመቶ ድርሻ አላቸው። አንድ ሠራተኛ 50 ምሽቶችን ለጥናት ቢመድብ፥ በዚሁ ድርሻ መሠረት ለመጀመሪያው ክፍል 6፥ ለሁለተኛው 11፥ ለሦስተኛው 9፥ ለአራተኛው 14፥ ለአምስተኛው 10 ምሽቶች ይደርሱታል። ከዚህም በላይ ለክለሳና ለልምምድ ጥያቄዎች ሌላ ሁለት ሳምንት ቢጨምር መልካም ነው። እንዲህ ያለ ድልድል የሌለው ሰው ደስ የሚለውን ክፍል ደጋግሞ ያነብና የሚሰለቸውን ወደ ነገ ይገፋል።

ኮምፕቲያ የሚመክረው፥ ተፈታኙ አስቀድሞ የኮምፒዩተር መረብ ዕውቀትና የ2 ዓመት ያህል የሥራ ልምድ እንዲኖረው ነው። ይህ ምክር እንጂ ግዴታ አይደለም፤ ነገር ግን ምክንያት አለው። መረጃ ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው እንዴት እንደሚጓዝ ያልተረዳ ሰው፥ በመንገድ ላይ እንዴት እንደሚጠለፍ ሊረዳ አይችልም። ለምሳሌ ያህል ከሩቅ ሆኖ ኮምፒዩተርን ለማዘዝ የሚያገለግለው ቴልኔት በ23 ቁጥር በር ይገባል፤ የሚያስተላልፈውም ቃል ሁሉ የይለፍ ቃሉ ጭምር እንደ ክፍት ደብዳቤ የሚነበብ ነው። በ22 ቁጥር በር የሚገባው ኤስ.ኤስ.ኤች. ግን ይህንኑ ሥራ በምስጢራዊ ጽሕፈት ይሠራል። ይህን ልዩነት ከነምክንያቱ የተረዳ ሰው ቁጥሮቹን ለመሸምደድ አይቸገርም።

አድማጮቼ፤ ከዚህ ቀጥዬ የምናገረው በመንግሥት ሥራ ላይ ለኖራችሁት የሚያስደስት ሳይሆን አይቀርም። በዚህ ፈተና ውስጥ ባዕድ መስለው የሚታዩት ሐሳቦች ብዙዎቹ የመሥሪያ ቤት ሰው ከጥንት ጀምሮ የሚያውቃቸው ናቸው። የጥበቃ ሙያ በሦስት ምሰሶዎች ይቆማል፤ እነርሱም ምስጢር መጠበቅ፥ ጽሑፉ ሳይለወጥ መቆየቱ፥ በተፈለገም ጊዜ መገኘቱ ናቸው። አንድ ፋይል ማየት የማይገባው ሰው እጅ ቢገባ የመጀመሪያው ምሰሶ ወደቀ። ሳይሰረቅ ቁጥሩ ቢፋቅ ሁለተኛው ወደቀ። ሳይሰረቅም ሳይፋቅም ባለጉዳዩ በመጣ ቀን ቢታጣ ሦስተኛው ወደቀ ማለት ነው። ይህን ለማስረዳት የመዝገብ ቤት ሹም የውጭ አገር አስተማሪ አያስፈልገውም።

እንዲሁም የክፍያ ሰነድ የሚያዘጋጀው፥ የሚያጸድቀውና ገንዘቡን የሚከፍለው አንድ ሰው እንዳይሆን የሚከለክለው የሂሳብ ደንብ፥ በፈተናው ውስጥ ሥራን ስለ መለያየት በሚናገረው ርዕስ ሥር ይገኛል። ለሠራተኛው ለሥራው የሚያስፈልገውን ያህል ሥልጣን ብቻ መስጠትም እንዲሁ ነው። በር ላይ መታወቂያ የሚያይ ዘበኛ እንግዳው ማን እንደ ሆነ ያረጋግጣል፤ እንግዳው ወደየትኛው ክፍል እንዲገባ የሚፈቅደው ግን ሌላ ትእዛዝ ነው። ማንነትን ማረጋገጥና ፈቃድን መስጠት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ብዙ ተፈታኞችም በፈተናው ላይ ያደባልቋቸዋል።

ከሚያደናግሩት ርእሶች አንዱ ምስጢራዊ ጽሕፈት ነው። ደብዳቤን በሣጥን ቆልፎ መላክና በደብዳቤ ላይ ማኅተም ማድረግ አንድ አይደሉም። የተቆለፈው ሣጥን ቁልፉ ላለው ሰው ተመልሶ ይከፈታል፤ ኤ.ኢ.ኤስ. የተባለው ዘዴ በ128፥ በ192 ወይም በ256 ቢት ቁልፍ ይህን ይሠራል። ኤስ.ኤች.ኤ. 256 የተባለው ግን የጽሑፉን አሻራ ብቻ ያወጣል። ጽሑፉ አንድ ገጽም ይሁን አንድ ሺህ ገጽ፥ አሻራው ሁልጊዜ 256 ቢት ነው፤ ከአሻራውም ተነሥቶ ጽሑፉን መልሶ ማግኘት አይቻልም። ከጽሑፉ አንዲት ፊደል ብትለወጥ አሻራው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። እንግዲህ ጥያቄው ምስጢርን ስለ መደበቅ ሲሆን ቁልፉን፥ ጽሑፉ አለመለወጡን ስለ ማወቅ ሲሆን አሻራውን ማሰብ ነው።

የአምስተኛው ክፍል ትምህርት አስተዳደርን የሚመለከት ስለ ሆነ፥ የኮምፒዩተር ሰዎች ይንቁታል። ነገር ግን ከአምስት ጥያቄዎች አንዱን ያህል የሚይዝ ነውና መናቁ አይበጅም። አንዱን ስሌት ብቻ ልጥቀስ። አንድ መሥሪያ ቤት 500,000 ብር የሚያወጣ መሣሪያ አለው እንበል። አደጋ ቢደርስበት 40 በመቶው የሚጠፋ ከሆነ፥ የአንድ ጊዜ ጉዳቱ 200,000 ብር ነው። አደጋው በ4 ዓመት አንድ ጊዜ የሚደርስ ቢሆን፥ ለአንድ ዓመት የሚታሰበው ጉዳት 50,000 ብር ይሆናል። ስለዚህ ይህን አደጋ ለመከላከል በዓመት 20,000 ብር ማውጣት ብልኅነት ነው፤ 80,000 ብር ማውጣት ግን በዚህ ስሌት ብቻ ከታየ ከጉዳቱ የባሰ ወጪ ነው። ይህን ማስላት የቻለ ባለሙያ ፈተናውን ከማለፉም በላይ፥ በበጀት ስብሰባ ላይ ከአለቆቹ ፊት ቆሞ የሚጠይቀውን ገንዘብ በምክንያት ሊያስረዳ ይችላል።

የደረቀውን ቃል ለማለምለም የእውነተኛ ታሪክ ምሳሌ ይረዳል። እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2017 ዋናክራይ የተባለ የኮምፒዩተር ተውሳክ በዓለም ላይ ተሰራጨ። በጥቂት ቀናት ውስጥ በ150 ያህል አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮችን ያዘ፤ ፋይሎችን እየቆለፈም ለመክፈቻው ገንዘብ ጠየቀ። በእንግሊዝ አገር የብሔራዊ ጤና አገልግሎት ሆስፒታሎች ሥራቸው ታወከ፤ ከ19,000 በላይ የሕመምተኞች ቀጠሮዎች ሳይሰረዙ እንዳልቀሩም የአገሪቱ የሂሳብ ምርመራ መሥሪያ ቤት ገምቷል። የሚያሳዝነው ግን ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማስተካከያ ከ2 ወር በፊት፥ ማርች 14 ቀን 2017 አውጥቶ ነበር። ማስተካከያውን በጊዜው ያልጫኑት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የተባለው ደረሰባቸው። በዚህ አንድ ታሪክ ውስጥ ተፈታኙ ደካማ ጎን ምን እንደ ሆነ፥ ሥጋት ምን እንደ ሆነ፥ ማስተካከያን በወቅቱ መጫን ለምን እንደሚያስፈልግ፥ የሰነድ ቅጂ ተለይቶ መቀመጡም ምን እንደሚጠቅም ያገኛል። የተሰረዙት ቀጠሮዎች የሰዎች ሕመምና የሰዎች ጭንቀት መሆናቸውንም አይርሳ።

ንባብ ያለ እጅ ሥራ ሙሉ አይሆንም። በአንድ ተራ ኮምፒዩተር ውስጥ ሌሎች ኮምፒዩተሮችን በሐሳብ የሚፈጥር ፕሮግራም በነጻ ስለሚገኝ፥ ተማሪው በቤቱ የራሱን መለማመጃ ሊያቋቁም ይችላል። እዚያም መረብ ይዘረጋል፥ የመከላከያ ግንብ ደንብ ይጽፋል፥ የሥራ መዝገቦችን ያነባል፥ ሆነ ብሎ አበላሽቶ ያድሳል። ነገር ግን ይህን ልምምድ ያለ ፈቃድ በመሥሪያ ቤቱ ወይም በሌላ ሰው ኮምፒዩተር ላይ ማድረግ ፈጽሞ ክልክል ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው ኮምፒዩተር መግባትን በወንጀል ያስቀጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የዜጎችን የግል መረጃ የሚይዝ ሁሉ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ለመማር ነው ማለት በሕግ ፊት ፈቃድ አይሆንም።

ስለ ጥያቄዎቹ አመላለስ ጥቂት ልናገር። ፈተናው ብዙ ጊዜ የሚያቀርበው አራት መልስ ነው፤ ከአራቱም ሁለቱ እውነት መስለው ይታያሉ። የሚለያቸው በጥያቄው ውስጥ ያለች አንዲት ቃል ናት፤ ይህችም በመጀመሪያ፥ ከሁሉ የተሻለ፥ ወይም ይበልጥ የሚመስል የምትል ናት። አንድ ምሳሌ ልስጥ። አንድ ሠራተኛ ፋይሎቹ እየተቆለፉ መሆናቸውን አይቶ ቢያመለክትና በመጀመሪያ ምን ይደረግ የሚል ጥያቄ ቢመጣ፥ ከመልሶቹ አንዱ ከተቀመጠው ቅጂ ፋይሎቹን መመለስ ይሆናል፤ ሌላው ኮምፒዩተሩን ከመረቡ መለየት ይሆናል። ሁለቱም መደረጋቸው አይቀርም። ነገር ግን እሳቱ ሳይከለል ቤቱን መጠገን ስለማይቻል፥ የመጀመሪያው መለየት ነው። የዚህ ሥራ ቅደም ተከተል መዘጋጀት፥ ማወቅ፥ መመርመር፥ መከለል፥ መንቀል፥ ወደ ነበረበት መመለስና ከደረሰው መማር ነው። እነዚህን ሰባት ደረጃዎች በቅደም ተከተላቸው ያወቀ ሰው ብዙ ጥያቄዎችን ያለ ጭንቀት ይመልሳል።

የጊዜውንም አያያዝ አስቀድሞ መለማመድ ያስፈልጋል። ሥራ ሠርታችሁ አሳዩ የሚሉት ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ ላይ ይመጣሉና፥ በእነርሱ ላይ ግማሽ ሰዓት የሚያቃጥል ሰው ቀላሎቹን ጥያቄዎች ሳያነብ ጊዜው ያልፍበታል። ምልክት አድርጎ ማለፍና በመጨረሻ መመለስ ይሻላል። ለስሕተት ተጨማሪ ቅጣት ስለሌለ፥ ባዶ የተተወ ጥያቄ መኖር የለበትም። በቤት ሆኖ በኢንተርኔት መፈተን ቢፈቀድም፥ መብራትም ሆነ መሥመር ሊቋረጥ ይችላልና ወደ ፈተና ጣቢያ መሄድ ይመረጣል። የተመዘገቡበት ስም ከመታወቂያው ጋር ፊደል በፊደል እንዲስማማም ከቀኑ በፊት ይታይ፤ ስማችን በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ በየሰነዱ እንደሚለያይ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና፥ በአንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ወይም አራት ሰዎች ተሰብስበው ቢያጠኑ ጥቅሙ ብዙ ነው። አንዱ ለሌላው ያጠናውን ክፍል በአማርኛ ያስረዳ። በራሱ ቋንቋ ለባልንጀራው ማስረዳት ያልቻለ ሰው ነገሩን ገና አልተረዳውም፤ የእንግሊዝኛውን ቃል ብቻ ነው የያዘው። አለቆችም በበኩላቸው ለእነዚህ ሠራተኞች በሳምንት ጥቂት ሰዓት ቢፈቅዱላቸው፥ ከተቻለም በፈተናው ዋጋ ቢረዷቸው፥ ገንዘቡ ለመሥሪያ ቤቱ ተመልሶ የሚመጣ ነው።

አሁን ሳልሸሽግ መናገር ወደሚገባኝ ነገር ደርሻለሁ። ከፈተናው የወጡ ናቸው የሚባሉ ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ደክሞት ከሥራ የሚመለስ፥ የልጆች አባት የሆነ ሠራተኛ፥ በሁለት ሳምንት ሸምድደህ ታልፋለህ ሲሉት ልቡ ቢሳብ የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን ድርጅቱ ይህን በደንቡ ይከለክላል፤ የተደረሰበትም ሰው ምስክር ወረቀቱን ያጣል። ይህ ቅጣት ቢቀርስ? የምስክር ወረቀቱን አይቶ መሥሪያ ቤቱ የመዝገቡን ቁልፍ ለዚያ ሰው ያስረክበዋል። በእርሱም እጅ የመበለቲቱ ጡረታ፥ የነጋዴው ግብር፥ የሕፃኑ ልደት ይገባሉ። ጥቃት በደረሰበት ሌሊት ከተደረደሩ አራት መልሶች ምረጥ የሚለው የለም፤ የተሸመደደውም ወረቀት አይረዳውም። የማያውቀውን አውቃለሁ ብሎ የፈረመ ሰው አደራ በላ እንጂ ፈተና አለፈ አይባልም። ጥበቃ በእምነት የሚሠራ ሙያ ነው፤ በስርቆት የተጀመረ ጥበቃም ከሥሩ የተበላሸ ነው።

በእውነት ተዘጋጅቶ የወደቀ ሰው ግን ሊያፍር አይገባውም። ከፈተናው በኋላ በሚሰጠው ወረቀት ላይ የሳተባቸው ርእሶች ተዘርዝረው ስለሚገኙ፥ እነርሱን ይዞ እንደገና ይነሣ። ያለፈውም ቢሆን ዕረፍቱ አጭር ነው። የምስክር ወረቀቱ የሚያገለግለው ለ3 ዓመት ሲሆን፥ ለማሳደስ ከሚቻልባቸው መንገዶች አንዱ በእነዚህ ዓመታት ውስጥ 50 የትምህርት ነጥብ መሰብሰብ ነው። ይህም ትክክል ነው፤ ሌባው በየቀኑ ሲማር ጠባቂው በአንድ ጊዜ ትምህርት ሊኖር አይችልምና።

እንግዲህ አድማጮቼ፤ ከእናንተ መካከል ለዚህ ፈተና የምትዘጋጁ ብትኖሩ፥ ዝርዝሩን ዛሬውኑ አግኙ፥ ምሽቶቻችሁን ደልድሉ፥ ጓደኛ ፈልጉ፥ እጃችሁን አለማምዱ፥ ከተሰረቀም ጥያቄ ራቁ። የማትፈተኑትም ብትሆኑ የይለፍ ቃላችሁን ለባልንጀራችሁ አትስጡ፥ ያላወቃችሁትንም መልእክት ለመክፈት አትቸኩሉ፤ ጠባቂው ብርቱ ቢሆንም በሩን ከውስጥ የሚከፍትበት ሰው ካለ ድካሙ ከንቱ ይሆናልና። ጥናታችሁን ያቅናላችሁ።